«ተወካያችሁ ማነው?»

ግሩፑ ውስጥ 412 ነበርን። በቀጠሮው ቀን የተገኘነው ዘጠኝ።

ማታ ማታ የምንጠቀምበት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የምሽት አገልግሎቱን ሊያቋርጥ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። አንዲት ተማሪ ፎቶ አንስታ ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። ያኑ ዕለት ማታ ግሩፕ ተከፈተ፤ ሲነጋ ከመቶ አልፈናል፤ ሳምንት ሳይሞላ 412 ደረስን። በዕድሜ ከብዙዎቹ ስለምበልጥ ነው መሰለኝ እኔን አድሚን አደረጉኝ። «ማክሰኞ ጠዋት ሄደን ኃላፊውን እናነጋግር፤ ማን ይመጣል?» ብዬ ድምፅ መስጫ ለጠፍኩ። 231 ሰው «እመጣለሁ» የምትለዋን ነካ። ሰኞ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ያ ጠባብ ኮሪደር 231 ሰው እንዴት ይበቃዋል እያልኩ።

በቃን። ተርፎም ነበር።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። አስገቡን። ወንበር ጎድሎ ሦስታችን ቆምን። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንድ በአንድ አዩንና «ተወካያችሁ ማነው?» አሉ።

ዝም አልን። አንዱ ወደ እኔ ጠቆመ። እኔ ፎቶውን ወዳነሳችው ልጅ ዞርኩ። እሷ ስልኳን ማየት ጀመረች። ኃላፊው ትንሽ ጠበቁና «እሺ፣ የተጻፈ ነገር ይዛችኋል?» አሉ። የተጻፈ ነገርማ ሞልቶናል፤ ግሩፑ ውስጥ ከሦስት ሺህ በላይ መልእክት አለ። ስልኬን አውጥቼ የአባላቱን ቁጥር አሳየኋቸው። «412 ነን» አልኩ፣ ትልቅ ነገር እንደሠራ ሰው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ብዙ ናችሁ፣ ጥሩ። ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትሉት?»

ጉዳችን የወጣው እዚህ ላይ ነው። አንዱ «እንደ በፊቱ ሁሉም ምሽት ክፍት ይሁን» አለ። ሌላዋ «ቢያንስ የፈተና ሰሞን» አለች። ሦስተኛው የመብራቱን መደብዘዝ አነሳ። በሦስት ሺህ መልእክት ያልተነጋገርነውን እሳቸው ፊት መነጋገር ጀመርን። ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ። «ተስማምታችሁ ተመለሱ» ብለው ሸኙን። ከገባን ሩብ ሰዓት አልሞላንም ነበር።

ማታ ቤት ስገባ ብስጭቴን የተቀበለችኝ የእህቴ ልጅ ናት። 18 ዓመቷ ነው። የዘንድሮ ወጣት ላይክ ላይ ጀግና ነው፣ በአካል ና ሲሉት ግን የለም እያልኩ ስዘረዝር ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ ቴሌግራም ባይኖር ስንታችሁ ትሄዱ ነበር?» አለችኝ።

አሰብኩት። ያቺ ማስታወቂያ በር ላይ ተለጥፋ ትቀር ነበር። አይቷት የሚያልፈው ሰው ለራሱ ያጉረመርምና ይሄዳል። ማንም አይሄድም ነበር አልኳት።

«እንግዲያው ከዜሮ ወደ ዘጠኝ ነው እንጂ ከ412 ወደ ዘጠኝ አይደለም።» ሒሳብ ትወዳለች።

እውነቷን ነው። «እመጣለሁ» ያሉት 231 ሰዎችም የዋሹ አይመስለኝም፤ ቁልፏን ሲነኩ ልባቸው መጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔን የያዘኝ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ዘጠኙስ ለምን መጡ? አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ሰባቱ ከሚያውቁት ሰው ጋር ተቀጣጥረው ነው የመጡት። «ቀርቼ በኋላ ምን እላታለሁ ብዬ» አለኝ አንዱ። ግሩፑ ወሬውን ነገራቸው፤ ከቤት ያስወጣቸው ግን የሰው ፊት ነው።

ይሄ የእኛ ዘጠኝ ሰዎች ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ፣ ብዙ ጊዜ የማስበው አንድ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2010 በአሜሪካ የምክር ቤት ምርጫ ዕለት ተመራማሪዎች ከፌስቡክ ጋር ሆነው ወደ 61 ሚሊዮን በሚጠጉ ተጠቃሚዎች ላይ ሞከሩት። ለአብዛኞቹ ገጻቸው አናት ላይ ዛሬ የምርጫ ቀን መሆኑን የሚያስታውስ መልእክት ወጣላቸው፤ ከሥሩ «መርጫለሁ» የሚል ቁልፍና ቁልፉን ቀድመው የተጫኑ ጓደኞቻቸው ፎቶ ነበር፣ ቢበዛ ስድስት ፊት። ሌሎች 600 ሺህ ገደማ ሰዎች ያንኑ መልእክት ያለ ጓደኛ ፎቶ አዩ። ሌላ 600 ሺህ ገደማ ደግሞ ምንም አላየም። ኋላ ማን በእርግጥ እንደመረጠ ከምርጫ መዝገብ ጋር አመሳከሩት፤ ውጤቱ በ2012 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ።

መልእክቱን ያለ ፊት ያዩት ሰዎች ምንም ካላዩት በምንም አልተለዩም። በምንም! የጓደኛ ፊት ያዩት ግን በለጡ። ልዩነቱ ከግማሽ በመቶ በታች ነው፤ በሚሊዮኖች ላይ ሲባዛ ግን ተመራማሪዎቹ 60 ሺህ ያህል ድምፅ በቀጥታ፣ ሌላ 280 ሺህ ደግሞ መልእክቱን ባዩት ሰዎች ጓደኞች በኩል እንደተጨመረ ገምተዋል። በጓደኛ በኩል የሠራውም በአብዛኛው በአካል በሚያውቁትና በሚቀራረቡት ሰው በኩል ነው። ገጹ ላይ በስም ብቻ የሚያውቁት «ጓደኛ» ብዙም አላንቀሳቀሰም። (የትኛው መንደር የጓደኛውን ፊት ይይ፣ የትኛው አይይ የሚለውን አንድ ኩባንያ ብቻውን መወሰን መቻሉ ሌላ እንቅልፍ የሚነሳ ጉዳይ ነው። ወደዚያ ከገባሁ አልመለስም።)

ስለዚህ ወጣቱ መረጃ ስላጣ ነው የማይሳተፈው የሚሉ ሰዎች ንግግር ብዙም አይጥመኝም። መረጃ ሞልቷል። ማስታወቂያውን 412 ሰው አይቶታል።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። ግሩፑ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ሁለት መልእክት ለጠፍኩ። የመጀመሪያውን ቁጭ ብዬ አዘጋጅቼዋለሁ፤ በምሽት ስንት ሰው እንደሚገባ፣ ለማቆየት ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ፣ የትኞቹ ምሽቶች ባዶ እንደሚሆኑ። 11 ላይክ አገኘ። ሁለተኛውን እኩለ ሌሊት ላይ በንዴት ነው የጻፍኩት። ሦስት መስመር ነው። «ትውልድ ገዳዮች» የምትል ቃል አለችበት። እስኪነጋ ሰባት ሌላ ግሩፕ ውስጥ ዞራ በአንድ ቀን 90 አዲስ አባል አመጣችልኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የትዊተር መልእክቶችን የመረመረ ጥናት፣ ሞራልንና ስሜትን አንድ ላይ የሚነካ እያንዳንዱ ቃል መልእክቱ የሚሰራጭበትን መጠን በ20 በመቶ ገደማ እንደሚያሳድግ አሳይቷል። እኔ ጥናቱን ሳላነብ አውቄው ነበር፤ አውራ ጣቴ ነግሮኛል። ከዚያ በኋላ የጻፍኳቸው መልእክቶች ሁሉ ወደ ሁለተኛው እየመሰሉ ሄዱ። ኃላፊው «ትውልድ ገዳዮች» የምትለዋን አንብበዋት እንደነበር የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እንደዚያም ሆኖ ወንበር ሰጥተውናል።

ንዴት ሰው ይሰበስባል እንጂ ምን እንደሚፈልግ አይነግርም ብዬ ልደመድም ስል ግን የኬንያ ወጣቶች ነገር ያስቆመኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥታቸው ግብር የሚጨምር የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ ሲያቀርብ ልጆቹ ተናደዱ፣ ግን አነበቡትም። ቲክቶክ ላይ አንቀጽ በአንቀጽ እየገለጡ፣ በተለያየ ቋንቋ እየተረጎሙ፣ የትኛው መስመር የማንን ኪስ እንደሚነካ አስረዱ። ረቂቁን ጠይቆ መልስ የሚያገኙበት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ የሠሩም ነበሩ። የምክር ቤት አባላቱን ስልክ ቁጥር አሰራጭተው በመልእክት አጥለቀለቋቸው። አንድ ደረቅ የግብር ሰነድ የወጣት መዝናኛ ውስጥ ገብቶ ሲነበብ እኔ በበኩሌ ከዚያ በፊት አላየሁም። ጁን 25 ምክር ቤቱ ረቂቁን አጸደቀ፤ ሰልፈኞች ሕንፃው ውስጥ ገቡ፤ ብዙ ወጣቶች በጥይት ሞቱ። በማግስቱ ፕሬዚዳንት ሩቶ አልፈርምም አሉ።

ከዚያስ? ከዚያ ያቺ ጥያቄ መጣች። መንግሥት እንነጋገር አለ። ከማን ጋር? ወጣቶቹ መሪ የለንም፣ ጎሳ የለንም፣ ፓርቲ የለንም ብለው ነው የወጡት። ፕሬዚዳንቱ በጁላይ 5 ራሳቸው ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ ገብተው በቀጥታ የድምፅ ውይይት ከወጣቶቹ ጋር ሰዓታት አሳለፉ። አንዱ ገብቶ ይወቅሳቸዋል፣ ሌላው ያለቅሳል፣ ሌላው ይሳደባል፣ እሳቸው ይመልሳሉ። ማንም ግን ስለ ማንም «እሺ» ማለት አይችልም።

መሪ አለመሰየም የዋህነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ዓመት ብዙ ወጣቶች መታፈናቸውን የአገሪቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን መዝግቧል። ስሙ የታወቀ ሰው ማታ በሩ ይንኳኳበታል። ስም አልባ ሆኖ መቆየት ጋሻ ነው። ግን ያው ጋሻ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ እጅህን ይይዝሃል። ይህን ቋጠሮ እኔ መፍታት አልችልም፤ እኛ ዘጠኛችን እንኳ የሚያንኳኳብን ሳይኖር ተወካይ መሰየም አቅቶን ነበር።

ኢንተርኔት «ስንት ናችሁ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አስደናቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት እንዳትወጣ የሚጠይቅ የድረ ገጽ አቤቱታ ከ6 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰበሰበ። ፓርላማው ተወያየበት። መንግሥት አይሆንም አለ። ፈራሚዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ ያገናኛቸው ያቺው አንድ ገጽ ናት፤ ገጿ ስትዘጋ አብረው ተዘጉ።

አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1963 ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ዋሽንግተን ላይ ለመብቱ ተሰለፈ። ዛሬ የሚታወሰው የማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግር ነው። እኔን የሚገርመኝ የሰልፉ አስተባባሪ ባያርድ ረስቲንና ባልደረቦቹ ከዚያ በፊት በነበረው ሁለት ወር ገደማ የሠሩት ሥራ ነው። አውቶቡስ ከየከተማው መከራየት፣ ለየአውቶቡሱ ኃላፊ መመደብ፣ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤት መቁጠር፣ የሕክምና ድንኳን፣ የመጠጥ ውሃ፣ እስከ ኋለኛው ሰልፈኛ የሚሰማ የድምፅ ማጉያ። ረስቲን ድምፅ ማጉያው ላይ ሙጭጭ ያለ ሰው ነበር፤ ያልሰማ ሕዝብ ይረበሻል ባይ ነው። ይህ ሁሉ በስልክ፣ በደብዳቤ፣ በስብሰባ። ማን ቀድሞ ይናገር በሚለው ተጨቃጭቀዋል። የአንዱን ወጣት ንግግር በመጨረሻው ሰዓት አስለዝበውታል። ሰልፉ ሲያበቃ በዚያው ዕለት መሪዎቹ ዋይት ሐውስ ገብተው ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር ተቀመጡ። ተወካያችሁ ማነው ብሎ የጠየቃቸው የለም።

የእንቅስቃሴዎችን ጉዳይ ያጠኑ ምሁራን የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ ያ አሰልቺ ሥራ ለሰልፉ ብቻ አልነበረም። መጸዳጃ ቤት ስትቆጥር ከጎንህ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ ታውቃለህ። ማን ተቆጥቶ እንደሚወጣ፣ ማን ሊያስታርቅ እንደሚችል ታያለህ። ስልካችን ሥራውን ቀለል ሲያደርግልን ትውውቁንም አብሮ ወሰደው። ሁለት ወር የሚፈጀውን በአንድ ሌሊት ጨርሰን አደባባይ ስንደርስ ከጎናችን የቆመውን ሰው አናውቀውም። ለአድሚንነት የመረጡኝ ሰዎች ድምፄን ሰምተውት አያውቁም ነበር።

ግን ትውውቁ መስመር ላይ ጨርሶ አይበቅልም ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 የኔፓል መንግሥት 26 የማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮችን ዘጋ። (መንግሥታት ይሄን ስህተት ለምን እንደሚደጋግሙት አይገባኝም። ግብፅም በጃንዋሪ 2011 መጨረሻ ኢንተርኔቱን ለአምስት ቀን ስትቆርጠው፣ ከቤቱ ሆኖ ሲከታተል የነበረው ሁሉ ምን እየሆነ እንደሆነ ለማየት ወጣ። ስክሪኑን ከነጠቅከው ያለው መስኮት መንገዱ ብቻ ነው።) ሴፕቴምበር 8 ቀን ወጣቱ ወጣ፤ በዚያ ዕለት ብቻ 19 ሰው ተገደለ፤ በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኦሊ ለቀቁ። አሁንም ያቺው ጥያቄ፤ ጊዜያዊ መንግሥቱን ማን ይምራ? ልጆቹ በአብዛኛው የኮምፒውተር ጌም ተጫዋቾች የሚያወሩበት ዲስኮርድ ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሆነው ተሰበሰቡ። ስም ያነሳሉ፣ ይጥላሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ። በመጨረሻ የቀድሞዋ ዋና ዳኛ ሱሺላ ካርኪ በለጡ፤ ሴፕቴምበር 12 ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ዘለልኩ፤ ቀጥሎ ቀዘቀዝኩ። ድምፅ የሰጠው ሰው ዜጋ ይሁን፣ ዕድሜው ይድረስ አይድረስ ማን አጣራ? ስልክ የሌለው ገበሬስ? ግን ልጆቹ ከእኛ የተሻሉበት ነገር አለ። ስም ጠርተዋል። ስም ለመጥራት ደግሞ ሌላውን ስም መተው ነበረባቸው፤ መተዉ ነው ከባዱ።

ከሁሉ ይልቅ የጠቀመን ግን የታይዋን ነገር ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2014 ተማሪዎች ከማርች 18 እስከ ኤፕሪል 10 ፓርላማውን ይዘው ሰነበቱ፤ ከወጡ በኋላ ከመካከላቸውና ከደጋፊዎቻቸው ኮምፒውተር የሚያውቁት ሰዎች ሕዝብ የሚወያይበት መንገድ ወደ መፈለግ ገቡ። በ2015 ስለ ኡበር ታክሲ ሲያወያዩ ፖሊስ የሚባል መድረክ ተጠቀሙ፤ የስሙ መመሳሰል ከጸጥታ ኃይል ጋር አያገናኘውም። አንድ ሰው አጭር ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ሌላው «እስማማለሁ»፣ «አልስማማም» ወይም «ልለፈው» ይላል። መልስ መስጫ ቁልፍ የለውም። ጥበቡ ያ ነው። የሌላውን ሐሳብ መዝለፍ ከፈለግክ የምትዘልፍበት ቦታ አታገኝም፤ የተሻለ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ብቻ ነው የምትችለው። ከላይ የሚወጣውም ብዙ ያስጮኸው ሳይሆን ተቃራኒ ወገኖች ሁለቱም የተስማሙበት ነው። መንግሥት በውጤቱ የመገዛት ግዴታ አልነበረበትም፤ ይሄ ድክመቱ ነው።

እኛ ዘጠኛችን ይህን ሰረቅነው። ዘጠኝ ስልክ ቁጥር ተለዋውጠን ነበር፤ አንድ ቀን ማታ ያለ ግሩፑ ተገናኘንና 14 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጻፍን። አንዳንዱ ላይ ግማሽ ሰዓት ፈጀን። «የምሽት አገልግሎት» ስንል እስከ ስንት ሰዓት ማለታችን እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅነው። ከዚያ አስተያየት መስጫውን ዘግተን ግሩፑ ላይ ለድምፅ ለጠፍነው። መዝጋታችን ብዙ ሰው አናደደ፤ 24 ሰው ለቆ ወጣ፤ ሁለቱ ለእኔ በግል አምባገነን መሆኔን ጽፈውልኛል። 140 ሰው ግን ድምፅ ሰጠ። «ሁሉም ምሽት ይከፈት» የሚለው ግማሹን እንኳ አላገኘም፤ ማታ ቤቱ የሚሄድ ሠራተኛ ያሳዘናቸው ብዙ ነበሩ፤ እኔ አስቤው አላውቅም። «በሳምንት ሁለት ምሽት፣ በፈተና ወር በየምሽቱ» የሚለው ከ140ው 118 አገኘ።

አንድ ገጽ ጻፍን። ፎቶዋን ያነሳችው ልጅ ትያዘው ተባባልን። እንዴት እንደመረጥናት ብትጠይቁኝ፣ እውነቱ ከሁላችን ቀድማ ስለምትመጣ ነው። በሁለተኛው ጉዟችን አምስት ነበርን። ኃላፊው ገጿን አንብበው ሦስት ጥያቄ ጠየቁ፤ ሁለቱን እሷ መለሰች፣ አንዱን «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አለቻቸው። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሁለት ምሽት ተፈቀደ። የፈተና ወሩ ጉዳይ እስካሁን አልተወሰነም።

ግሩፑ አሁንም አለ። 371 ሰው አለበት። ብዙውን ቀን የሚለጠፍበት ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሰው ማስታወቂያና የመልካም ልደት ምስል ነው። የእህቴ ልጅ ገብታ ነበር፤ ሰልችቷት ወጣች።

ባለፈው ሳምንት ስለ ፈተናው ወር ለመጠየቅ ለአራተኛ ጊዜ ሄድን። ያቺ ልጅ፣ እኔና አንድ ሌላ። ኃላፊው በሩን ስንከፍተው ቀና ብለው አዩን፤ መነጽራቸውን አልሰቀሉም፤ ተወካያችሁ ማነው አላሉም። ስሟን ጠርተው «ደግሞ ዛሬ ምን ይዘሽብኝ መጣሽ?» አሏት፣ ከጎናቸው ያለችውን ወንበር እየሳቡላት።